ስህተት የለውም

ፓትና፣ ከጎማ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ጠባብ ሁለተኛ ፎቅ፣
ጉልበት ከጉልበት ገጥመን፣ ሁለት መቶ ሆነን ስንጨናነቅ፣
ማራገቢያው ያንኑ ወበቅ ከጥግ ጥግ ያመላልሳል፤
መምህር ባይጅናት ጠመኔ ሰብረው ግማሹን ኪሳቸው ይከታሉ።

"ስህተቱን ልቀሙ" ይሉናል፣ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ፣
ጠጠር ከምስር እንደሚለይ፣ ዓይን ሳይፈዝ፣ ልብ ሳይደነግጥ።
ከሀ፣ ከለ፣ ከሐ አንዱ ነው የሚታመም፤
መ ግን ሁሌም ያው ናት፦ "ስህተት የለውም"።

ከጎኔ ሱክዴቭ አለ፣ ለዕድሜ ገደቡ አንድ ዓመት የቀረው፣
"ሲንስ" እና "ፎር" የሚሉ ሁለት ቃላት እንቅልፍ የነሱት ሰው።
"እዚህ ነኝ ሲንስ አምስት ዓመት" ብሎ አንድ ቀን ቢናገር፣
"ፎር ነው!" ብሎ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር።
ቃሉንስ አረሙለት፤
አምስቱን ዓመት ማን ያርምለት?

ዛሬ ሰሌዳው ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦
"ከነዚህ ልጆች እያንዳንዱ ሥራ አግኝተዋል።"
ሁለት መቶ እጅ ወጣ፤ ጎማ ሻጩ ምን ሆኑ ብሎ ገባ፣
"ለ ነው! እያንዳንዱ ነጠላ ነው! ሃቭ ይውጣ፣ ሃዝ ይግባ!"

ባይጅናት በመዳፋቸው ጠርገው ግሡን አቃኑት፤
"አሁንስ?" ብለው ዞሩ፣ ጣታቸውን እያራገፉት።
"መ!" አልን በአንድ አፍ፤ "አሁንማ ስህተት የለውም።"
ለስድስት መቶ ወንበር ስንት መቶ ሺህ እንደተመዘገበ ማንም አላነሳም።

ሱክዴቭ ብቻ
እጁን አላወረደም።
ባይጅናት አይተውታል። ስሙን ግን አልጠሩም፤
ሰሌዳውን አጠፉና
ቀጣዩን ቁጥር ጻፉ።