ስድስት ገብቶ አምስት ሲወጣ

ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፤
ማራገቢያው ይዞራል ሙቀቱን ሊያካፍል።
ነስሪያ እጇን ታጠበች፣ አሸችው በአልኮል፤
እስኪደርቅ ጠበቀች፤ እኔ ነኝ የምቸኩል።

አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ጎብጦ የኖረ
ትከሻዬ ድንጋይ፣ ጅማቴ የከረረ፤
«መርፌ ነው» ስትለኝ «መድኃኒቱስ?» አልኳት፤
«ምንም የለው፣ ባዶ ነው።» ታዲያ ምኑን ልመናት?
ሁሉን አልባሽ መርፌ፣ ራሷ እርቃኗን፣
እዚህም መጣች አሉ፣ ይዛ ሹለቷን።

ነገረችኝ ሁሉን፣ ወረቀቱን ሰጥታ፦
«ሊደማ ይችላል፤ ያምዎት ይሆናል ማታ፤
ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳሉ ወይ?
‹በቃኝ› ካሉኝ ይበቃል። ይፈራሉ ወይ?»
ብረት ስልጥ የኖርኩ ሰው፣ «ኧረ ምን!» ብዬ
ዋሸኋት፤ እውነቱን ላብ አወጣው በጀርባዬ።

ከጎድን አጥንት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።
«እዚህስ?» አልኩ፤ እሱ ነው ሁሌም ያመመ።
«ከሥሩ ሳንባ አለ፤ እርስዎም ከሲታ፤
ጥፍር ያህል ነው በመሃል ያለው ቦታ።
እዚያ አልወጋም።»
አውቃታለሁ ያችን ጥፍር የምታህል ርቀት፤
ስንቱን ዘንግ ጣልኩ በሷ፣ በሷ ስህተት።

እያንዳንዷን ከእሽግ፣ ቀኗን አንብባ፣
ስድስቱን አንድ በአንድ ቀስ ብላ ስታስገባ
ጡንቻዬ እንደ ግመል ደነበረና ተኛ፤
ደረቅ አሸዋ ሆንኩ፣ የደቻቱ ጓደኛ።

ስትነቅል ቆጠረች፣ ጮክ ብላ፣ ወደ ቢጫው ሳጥን።
«አምስት» ብላ ቆመች።
ዝም።
ሸሚዜን አነሳሁ። «አይነሱ!» በር ላይ ወረፋ ሞልቷል፤
«አንዷ ምን አላት?» አልኩ፣ «የበርጫ ሰዓት ደርሷል።»
ተንበርክካ በስልኳ መብራት ወለሉን ፈተሸች።
አንሶላውን በመቆንጠጫ እጥፍ በእጥፍ ገለጠች።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፦ ጋራዡ፣ አንድ መፍቻ ጠፍቶ፣
ሎኮሞቲቩ ቆሞ ያደረ፣ ፉርጎው ሁሉ ሞልቶ፤
ሙሴ ያኒ፣ አለቃችን፣ «ሳይገኝ አይነቃነቅም!» ሲለን
ሰደብነው በሆዳችን፣ ሦስት ቋንቋ ቀላቅለን።
ባቡሩ ጅቡቲ ገባ፣ አንድም ሰው ሳይጎድለን።

ከፎጣው እጥፋት ብልጭ አለች፤ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር።
ማን ነበር ነገ እዚያ ፎጣ ላይ ጉንጩን የሚያሳርፍ?
አልጠየቅኳት።
«ስድስት» አለች። ጻፈችው። ክዳኑ ቀጭ አለ።

ትከሻዬ? ግማሹ ነው የለቀቀ፤
ሌላው ለማክሰኞ ተቀጠረ።
በሩ ጋ ሳልደርስ ኪሴን ዳበስኩኝ፤
ቁልፍ፣ መነጽር፣ ስልክ፦ ሦስት።
ቆጥሬ ወጣሁኝ።