ይርሳው

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው በር፣
አንድ ኮምፒውተር ነበረኝ፣ አንድ ዘመም ያለ ወንበር፣
«ዘፈን እንጭናለን» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣
ክረምት በመጣ ቁጥር ቀለሙ የሚረግፍ።
ሃያ ዘፈን በአስር፣ መቶውን በሠላሳ፤
«ባለቤቱ ማነው?» ብሎ የሚነሣ
አንድ ሰው አልመጣ፣ እኔም አልጠየቅሁ፣
የሰው ድምፅ እንደ ምንጭ ለሁሉ እየቀዳሁ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፤ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣
አንጓች ከደጄ ቆመች፣ እርጥብ ጥላዋን ስትጠቀልል።
አንጓችን ማን ይስታል? ከጂጋ እስከ ማንኩሳ
ሰው በሞተበት ቤት ቃል የምታነሣ፣
አልቃሽ ናት፤ ሲሰጧት ግማሽ ቁና ጤፍ፣
ሳይሰጧትም ደግሞ ለቅሶ የማታልፍ።

«ይርሳው የሚሉት ዘፈን አለህ ወይ?» አለችኝ።
«እንዴት ይጠፋል!» ብዬ ሳቅሁ። ዝም ብላ አየችኝ።
ከፈትሁላት።
ከበሮው ቀደመ፣ ኪቦርዱ ተከተለ፣
ዘፋኙም ተነሥቶ «ልቤ ይርሳው» አለ።
ስፒከሬ ዘለለ በጠረጴዛው ጫፍ፤
የአንጓች ከንፈር ግን፣ ድምፅ ሳይወጣው፣
ከዘፋኙ ቀድሞ ቃሉን ሁሉ ሲያልፍ።

«ይርሳው ስም ነው» አለች፤ «የሰው ስም ነው፣ ልጄ፤
የአላምረው የበኩር፣ ያደገው በደጄ።
አምና በነሐሴ ብር ወንዝ ወሰደው፤
በሦስተኛው ቀን ነው አሸዋ ላይ ያገኘነው።
ሙሾ ያወረድሁ እኔ ነኝ፣ ሬሳው ሲወጣ፤
እንዲህ ያለው ቃል ነው ከሆዴ የመጣ፦

    ይርሳው ብሎ አባትህ ስም አወጣልህ፣
    እስኪ የቱ ልብ ነው ችሎ የሚረሳህ?
    ብር ወሰደው ሲሉኝ ነግዶ መስሎኝ፣
    ለካ ውኃ ኖሯል ያላተረፈልኝ።

አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ስልኩን እንደ ጧፍ አቁሞ፤
የሚያለቅስ መስሎኝ አዘንሁለት ደግሞ።
በጥቅምት ዘፈን ሆኖ ከባጃጅ ሰማሁት፤
‹ብር ወሰደው› ያልሁት ‹ብር ወሰዳት› ሆኗል፣ ወንዙን ገንዘብ አረጉት፣
ስሙን ትእዛዝ አረጉት፣
እስክስታ መቱበት።»

እኔ ዋሸራ ጀምሬ ቅኔ ያቋረጥሁ ነኝ፤
ያን ጊዜ የየኔታ ዝምታ ታወሰኝ።
እዚያ «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ከራሱ አፈለቀ፤
የሰው የደገመ ግን፣ ማንም ሳይነካው፣
ከጉባኤው መሐል በገዛ ላቡ አለቀ።

«ባሕር ዳር ሄጄ ነበር» አለች፤ «አንድ ትሑት ልጅ
‹ጽፈሽዋል? ቀርጸሽዋል?› አለኝ፤ እኔ አለቀስሁ እንጅ!
‹የቅጂ መብት...› አለና መጽሐፉን ገልጦ፣
‹ሙሾ የሕዝብ ነው፣ እማማ› አለኝ፣ ሻዬን ከጎኔ አስቀምጦ።
ሕዝብ የሚሉት ሰውዬ፣ እኔ አላየሁትም፤
ያን ሌሊት ከሬሳው ራስጌ አላደረም፣
ችቦ ይዞ ወንዙን ከኛ ጋር አልወረደም።»

«ጠበቃ እንያዝ፣ እትዬ፤ ብር አለው ነገሩ።»
«ብርማ መውሰድ ነው፣ ከጥንትም ግብሩ።
የኔን ስም አልፈልግም፤ የልጁን ይመልሱ፤
እናቱ በመንገድ ስታልፍ አይጨፈር በሱ።»
ከመቀነቷ ጫፍ አስር ብር ፈትታ፣
«ለመጫን ይህን ያህል፤ ለማጥፋትስ ስንት ነው?» አለችኝ ተጠግታ።

ለማጥፋት ዋጋ አላወጣሁም ነበር።
ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» አለ። አዎን አልሁት።
አጠፋሁት።
ገና ጥላዋን ሳትዘረጋ ባጃጅ በደጅ አለፈ፤
«ልቤ ይርሳው፣ ይርሳው» እያለ፣ ጭቃውን እየረጨ ከነፈ።

ዛሬ ይርሳውን ሲጠይቁኝ «ብር ወሰደው» እላለሁ፤
የተሸጠ መስሏቸው ሲሄዱ አያለሁ።
የቀሩትን ግን፣ ሦስት ሺህ ዘፈን፣ እስካሁን እጭናለሁ፤
ማን እንደሞተባቸው ከማን እጠይቃለሁ?