ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ገጽ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አንድ እግሬ ከጫማ፣ አንድ እግሬ ከጭቃ፣
ኦቦ ጉርሜሳ ቤት ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤
ማዳመጫ ይዤ ዱካውን አስጠጋሁ።

ግድግዳው ጋዜጣ። ነፋስ እንዳይገባ
ለሊሴ ለጥፋው በሊጥ ደራርባ፤
ጨረታ፣ የኳስ ወግ፣ የሙት ዓመት ፎቶ፣
አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ገጽ ተደፍቶ።

"በደንብ ይተንፍሱ" ብዬ ዘመም ስል
አየሁት ርዕሱን ተዘቅዝቆ እንዲህ ሲል፦
"የቤተሰብ ሐኪም፦ ስሙ እንጂ ሥራው የለም"፤
ከሥሩ ነጭ ጋውን። ፊት አልተረፈውም፤
ለመስኮት ሲቆርጡት መቀሱ አልማረውም።

በሩ ጋ ሌላ ገጽ፣ የሌላ ወር እትም፣
"መልአኳ ሐኪም" ይላል። እሷንም አላውቃትም።

መልአክ ታክሲ አይጋፋ፣ ጋኔን ካርድ አይሞላ፤
ሁለቱንም እኔ፣ ምሳዬን ሳልበላ።
ማንስ ዜና ይለዋል፦ "ግፊቱ ወረደ፣
ሽማግሌው ድኖ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ"?

"ምን ይላል?" አሉኝ፣ ዓይኔን ተከትለው።
"የጤፍ ዋጋ ነው" አልኩ፣ ነገሩን አድበስብሼው።
ሳቅ ሲሉ ሳላቸው መጣ። እጃቸውን ሰደው
ያን ፊት አልባ ጋውን መታ መታ አድርገው፣
"ይሄኛው ገጽ ደግ ነው" አሉኝ፣ "አይላጥም፤
ዘንድሮ በዚህ በኩል ብርድ አልገባም።"

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው፣
እኔ የተቀመጥኩበት ጎን ይሞቅ ነበር።

ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ፦
ሳሉ አልለቀቀም፣ ግን ቀንሷል።
ማክሰኞ እመለሳለሁ።