የውጭኛው ካልሲ

ደንገጎ ላይ ሌሊቱ ገና አልለቀቀም፣
ጉሙ አስፋልቱ ላይ ጋደም ብሏል፣ አልነቃም።
አይሱዙው እኔን ከነብስክሌቴ አራግፎ
ወደ ሐረር ነጎደ፣ ጭሱን ለእኔ አትርፎ።
ከአዴ መይሙና ቤት መቶ ሃያ እንቁላል
ጭድ ለብሶ፣ ታስሮ፣ ኋላዬ ተኝቷል።
ጭድ ያጣው እግሬ ነው።

ዳገት ያሞቃል፤ ፔዳል የሚረግጥ ሰው
ምድጃው ጉልበቱ ነው፣ ማገዶውም እሱው።
ቁልቁለት ግን ሌላ፦ ተቀምጦ መውረድ፣
ሥራ የፈታ እግርን ለካፊያ መስደድ።
ንፋሱ በሸበጤ ቀዳዳ ሽው ብሎ ይገባል፣
አውራ ጣቴን ይዞ "የማን ልጅ ነህ?" ይላል።
የድሬ ልጅ ነኛ! በረዶን ያየሁት
በጁስ ቤት ብርጭቆ፣ ከፍዬ የጠጣሁት።

"ጫማ ግዛ" ይሉኛል። ገዝቼ ነበር አንዴ፣
ድፍን ቆዳ። ላይ አንበሳ ነበር፤
ደቻቱ ስደርስ እግሬ ውስጡ በስሎ ወጣ።
እያነከስኩ ሄጄ ለከፊራ ነጋዴ
በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።
ሁለት አገር አለኝ፣ እግሬ ግን አንድ ጥንድ ነው፤
ላይ የለመነውን ታች ይረግመዋል።

ጋዜጣ ሞከርኩ። እስከ ሦስተኛው ኩርባ ጸና፣
ከዚያ ካፊያው በላው፤
ተረከዜ ላይ የኳስ ውጤት ታትሞ ዋለ፣
ሰፈሩ እየጎነበሰ አነበበው።
ፌስታል አሰርኩ። የውጭን ዝናብ አላስገባም፣
የውስጥን ላብም አላስወጣም፤
እግሬ በገዛ ኩሬው ዋኘ።

ጎማ ሰፊው ጠለሃ ነው የደረሰልኝ፣
የመኪና ጎማ ቀዶ ሸበጥ የሚያወጣው።
"ሱፍ አስቀድም" አለ፣ "ጥጥ ሰካራም ነው፣
ያገኘውን ውሃ ይጠጣል፤ ሱፍ ይጾማል።
በሱፉ ላይ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ሌላ ካልሲ፤
እንደ ሳምቡሳ ጠቅልለው።"
ማሰሪያውንም አላላልኝ፣
"የታነቀ ጣት አይሞቅም" ብሎ።

የከዚራ ጎረምሶች ካልሲ በሸበጥ አይተው
ይንከተከታሉ። ይሳቁ፤
እነሱ የሚያውቁት ቁልቁለት የአስፋልት ጉብታ ነው።

ዛሬ ካፊያ አልነበረም፤ ዝናብ ነበር፣ የምር ዝናብ።
ፍሬኑ ረጥቦ እንቢ አለ፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ግመሎች፣
ሰባት፣ በሠርገኛ እርጋታ።
ቀኝ እግሬን ፊተኛው ጎማ ላይ ጫንኩት፤
ጎማ በጎማ ጮኸ፣ ሸተተ፣ ቆመ።
ሦስት እንቁላል ተሰበረ።
ቀኝ እግሬ ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ የሚል ሙቀት ሞቀ።

ጉሙ ካለቀበት ኩርባ ላይ ኮፍያዬን፣
ቁልቋሉ ከሚጀምርበት ሹራቤን፣
ፍየሎች ጥላ ከሚሻሙበት ድንጋይ ሥር
ካልሲውንም ፌስታሉንም ገፈፍኩ።
የረጠበውን የውጭኛውን ካልሲ መሪው ላይ ሰቀልኩ።
እግሬ ደረቅ! ጠለሃ ይሙት፣ ፍም የመሰለ እግር!
ለማን ባሳየሁት እያልኩ ወረድኩ።

ደቻቱ አሸዋው ላይ ሂንዲያ ቲማቲም ትደረድራለች።
ሰማይ አታይም፤ የድሬ ሰማይ ፈገግ ብሎ ይዋሻል።
የምታየው እግሬን ነው።
እርጥብ ከሆነ ማዳበሪያዋን ታጥፋለች፣
ደረቅ ከሆነ ትዘረጋለች።
ስንት ክረምት እንዲህ ኖርን፤ ሬዲዮዋ እግሬ ነው።

አየችው።
"እሰይ" አለችና ሁለተኛውን ቅርጫት ገለበጠች።

ኩራቴ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ካልሲውን ከመሪው አወረድኩ፣
ከፊቷ፣ አሸዋው ላይ፣ በሁለት እጄ ጨመቅኩት።
ጠብ። ጠብ። ከዚያ ሳያቋርጥ።
አሸዋው ጠጣው።

ሂንዲያ የጠቆረችውን ቦታ ትንሽ አየች፣
ከዚያ ወደ ተራራው ቀና አለች።
ቲማቲሙን መቁጠር ትታ በእቅፍ ሰበሰበች።
እኔም ብስክሌቴን ግንቡ ላይ አስደግፌ
የማዳበሪያውን ሌላ ጫፍ ያዝኩ።