ምስማር በኪሎ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የዶሚኒካ ሬዲዮ ድምፁን ቀየረ፣
ዘፈኑን መሃል ላይ ቆርጦ ስለ ባሕሩ ተናገረ።
ስም አውጥተውለታል አሉ፣ ክርስትና ሳይነሣ፤
ከወዲያ ማዶ ተነሥቷል፣ ውቅያኖስ ጠጥቶ ሲያገሣ።
ዐይን አለው ይሉታል፤ ዐይነ አፋር ግን አይደለም፣
ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» አይልም።

የእኔ ሱቅ ከወደቡ ራስጌ ነው፤ ገመድ፣ ጣውላ፣ ባትሪ፣ ሸራ፤
ሰልፉ ከባንኮኒው ተነሥቶ ወርዷል እስከ ዳቦ ቤቱ ጓሮ።
የሮዞው ጅምላ ነጋዴ ደወለ፦ «ኦርታንስ፣ እጥፍ አድርጊው እንጂ፣
እንዲህ ያለ ገበያ መቼ ይገኛል?»
ስልኩን ዘግቼ ሚዛኑን ጠረግሁ።
ምስማር በኪሎ፣ በትናንት ዋጋ፤
የሌለው በደብተር፣ ያለው እጁን ሲዘረጋ።

ቪቴሊን ዱቄቷን ከወለል አንሥታ ቆጥ ላይ ሰቀለች፣
የቀረ ሊጧን «ባሕር ከሚበላው» ብላ ሁሉን ጋገረች፤
ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ማውጫዋ አላረፈም፣
ትኩስ ዳቦ በጆንያ ወጣ፤ ሒሳብ የጠየቀ የለም።
ሄስኬት ጀልባውን ጎትቶ ለውዝ ዛፍ ሥር ጠፈረው፣
ከዚያ በባልዲ እየቀዳ ውኃ ሞላው።
ልጆቹ ሳቁበት።
«ነፋስ የሚወስደው ቀላሉን ነው» አለ፣ «ከበድ በሉ እናንተም።»
ጎረምሶቹ ዘንባባው ላይ ወጥተው ኮኮናቱን አወረዱ፣
በነፋስ እጅ ጥይት እንዳይሆን ብለው በጆንያ ቀበሩ።
የልደት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የሟች ባል ፎቶ
በላስቲክ ተጠቅልሎ ድስት ገባ፣ ክዳን ተደፍቶ።
ማ ክሎቲልድን ከነወንበሯ ተሸክመን ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣን፤
«ቀስ!» ትለናለች፣ «እንዲህ ያጀበኝ የለም በሠርጌ ቀን እንኳን።»

ከሰልፉ መጨረሻ ኢግናስ ቆሟል፣ የአጥሬ ጎረቤት።
ዐሥራ አንድ ዓመት ተካሰናል በአንድ ክንድ መሬት።
«ሁለት ኪሎ» አለ፤ መዘንኩ፤ ሳንቲሙን ቆጠረ፤
እንደምን ዋልህ አላልኩም፤ እሱም ሳያየኝ ዞረ።

ሌሊቱ ምን ይነገራል?
ዴስኩን ሁሉ በሩ ላይ ከመርን። ግድግዳው ተነፈሰ።
መሃል ላይ ጸጥ አለ፤ በተሰነጠቀው ጣሪያ ኮከብ ታየ፤
«አለቀ፣ ቤቴን ልየው» ያለ ነበር።
ሄስኬት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ፦
«ገና ግማሹ ነው።»

ሲነጋ ተራራው ተላጭቷል።
አንድ አረንጓዴ ነገር የለም።
ባሕሩ አይቶ እንዳላየ ተኝቷል።
የዕዳ ደብተሬን ከጭቃ አወጣሁት፤ አብጧል፣
የሰዉ ስም ቀልጦ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል።
ገለጥኩት፤ ገለጥኩት፤
ከዚያ ለማገዶ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

አጥሩ የለም። ካስማው እንኳ።
ያቺ አንድ ክንድ መሬት የት ጀምራ የት እንደምታልቅ
ዳኛው ራሱ ቢመጣ አይለይም።

የማ ክሎቲልድ ቤት ባሕር ገብቷልና እኔ ዘንድ አመጣናት።
አልጋዬ ላይ አስተኝቻት ቀና ስል
የተቀደደው ጣሪያዬ ላይ አንድ ቆርቆሮ ወድቋል፣
ሰው ለክቶ የቆረጠው ይመስል ቀዳዳውን ደፍኗል።
በአንድ ጎኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።
በመንደሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ የኢግናስ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣ፣ መዶሻ ይዞ።
የእሱ ቤት ገና ክፍት ነው፤ የጀልባ ሸራ ወጥሮበታል።
ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፤
ዝቅ ብሎ ከሥሩ የተኛችውን አየ።
ምንም አላለም።
ደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጎበጠ ምስማር ያቃና ጀመር፣
አንድ በአንድ፣ ጭቃውን በሱሪው እየጠረገ።
እኔም ሌላ መዶሻ ፈልጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ።
የጎበጠ ነገር በአንድ ምት አይቀናም፤
ትመታዋለህ፣ ታገላብጠዋለህ፣
ጣትህን ትመታለህ፣ ትራገማለህ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ
«መሰላል አለሽ?» ነበር።
ወጣ። የገዛ ቆርቆሮውን በእኔ ጣሪያ ላይ፣
ከሸጥኩለት ሁለት ኪሎ
ሰባት ምስማር መታበት።

ማ ክሎቲልድ ከእንቅልፏ ባነነች፦ «ማነው የሚያንኳኳው?»
«ኢግናስ ነው» አልኳት፣
«ቤቶች እያለ።»