ተራ ቁጥር ሰባት

ሰኔ አጋማሽ ነው፤ ኮምቦልቻ ወብቃለች፣
ከሐረጎ ወገብ ደመና ታጥቃለች።
በማዘጋጃ ቤት፣ በላይኛው አዳራሽ፣
ዓመት ተዘርግቷል እንደ አቡጀዲ ቁራሽ፤
ጨርቁ ሦስት ክንድ ነው፣ ሰባት ነው ለባሽ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እጅ አላወጣ፤
የማነሣው ሐሳብ፣ የማስጥለው ጣጣ
የለኝም፤ ካፋቸው የወጣውን ሁሉ
እጽፋለሁ ብቻ፦ «ተነሥቷል»፣ «ብለዋል»፣
«ተስማምተዋል በሙሉ»።

አንድ፦ የከተማው መግቢያ፣ ቅስት በር፣
«እንግዳ ሲመጣ የሚያስከብር»፤
የአቶ ይማም ሐሳብ፤ ከሳቸው ጋር ማን ይከራከር?
ሁለት፦ ለአስፋልቱ ዳር አበባ፤
አምና የደረቀው ዘንድሮ ሊገባ።
ሦስት፦ የመንገድ መብራት፣ ከኛ ሰፈር ጀምሮ፤
ልቤ ዘለለ፤ ፊቴ ግን ዝም አለ፣ አቀርቅሮ።
አራት የቄራ አጥር፣ አምስት የወጣት ሼድ፣
ስድስት ለባጃጆች መቆሚያና መንገድ።

ማርከሩ ስድስት ላይ ደረቀ።
ሰባት በቃል ተነገረ።

ሰባትን አውቃታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጽፌያታለሁ፦
«ከበርበሬ ወንዝ በላይ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፤
በበጀት እጥረት ለሚቀጥለው ዓመት ይታይ።»
አንዳንዴ በሰማያዊ፣ አንዳንዴ በጥቁር፣
ኋላም በኮምፒውተር፣ አራት ነጥቧ ሳይቀር።
ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው፤
ሐምሌ ሲገባ ግን ዛሬም አባቱ ነው የሚያሻግረው።

ከኋላ ወንበር የሕዝብ ተወካይዋ ተነሡ፣
ወይዘሮ ጦይባ፤ ጫማቸው ላይ የትናንት ጭቃ።
«ቁጥር ትሰጣላችሁ፤ ይሁን፤ ደግ ነው።
ጎርፉ ግን ቁጥር አይቆጥርም፤ ቤት ነው የሚያውቀው።
አምና እኔ ጋ ገባ፣ ካቻምና እንድሪስ፤
የዘንድሮውን ተራ ማን ይሆን የሚወርስ?
በነቢ ይዣችኋለሁ፤ በዚያ ቅስት ሥር
ልጆቻችንን ይዘን እንደር?»

ሰብሳቢው አመሰገኑ። «ገንቢ አስተያየት» አሉ።
ሃይላንድ ዞረ። አንዱ ስልኩን አየ።
«መዝግበው» አሉኝ። መዘገብኩ።
እጅ ወጣ። ጸደቀ። ምሳ ሆነ።

ማታ ቢሮ ቀርቼ ንጹሑን ቅጂ ስጽፍ፣
ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮውን ሲገርፍ፣
ሰባትን ከቦታዋ አነሣኋት።
ገንዘቡ የሚደርሰው እስከ ሦስት ነው፤
አንድን ብነካ አቶ ይማም ያያሉ፤
ሁለት፣ አበባው፣ ጨረታው ወጥቷል አሉ።
የቀረው ሦስት ነው። የኛው ሰፈር መብራት።
ልጄ ሰዓዳ የማታ ተማሪ ናት።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆመ አልቆጠርኩም።
ደግ ሠራሁ አልልም፤
የጸሐፊ ሥራ መጻፍ ነው፣ ማረም አይደለም።
ቦይ፣ ሦስት። መብራት፣ ሰባት።
ማተሚያው ሁለቴ አስነጠሰና ተፋት።

ጠዋት አሥራ አንዱም ፈረሙ፣ ገጹን ሳይገልጡ፣
እስክሪብቶ ተበዳድረው፣ ወደ ሻይ እየሮጡ።

እስካሁን የመጣ እስካቫተር የለም፤
ጥቅምት ላይ ነው ይላሉ፤ እኔም አልጠይቅም።
ወይዘሮ ጦይባ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ
እንደ ማንም ሰላም ብለው ያልፉኛል፤ አያውቁም፤
ባያውቁም ይሻላል።

ከገበያ ግን አንድ የእጅ ባትሪ ገዛሁ፣
ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ፤
ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት።
«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሰዓዳ።
«መብራት ነው» አልኳት። «የሰፈሩ ደግሞ
ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል።»