ጥላዋን ጥላ

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ ስም አለው፤ ቦራ ይሉታል፤
ከተራራው ወርዶ፣ ወደብ ላይ ቆሞ፣ ጃንጥላ ይሰብራል።
እሱ በሰበረው አክስቴ ኔሪና አርባ ዓመት በላች፤
ሽቦ እያቃናች፣ ጨርቅ እየጠቀመች፣ ቤቷን አቆመች።

እኔ የእህቷ ልጅ፣ ሥራ ብፈታ፣ ድረ ገጽ ሠራሁላት፤
«ነፋሱ እያለልኝ ማስታወቂያ ለምኔ?» ብላ አልጣማት።
የሱቋን ስም በመፈለጊያው ብጽፍ፣ ወጣ፤ አንዲት መስመር፣
ደጅ የሌላት፣ መስኮት የሌላት፣ እንደ መጋዘን አጥር።
ከማዶ ያለው፣ የፋብሪካ ጃንጥላ የሚራገፍበት፣
ከስሙ ግርጌ አራት ትንንሽ በሮች አሉት፦
«አዲስ የገቡ»፣ «ዋጋ»፣ «አድራሻ»፣ «የሥራ ሰዓት»።
ቀናሁ።
በሰው በር መቅናት ነውር መሆኑን እያወቅሁ ቀናሁ።

ሌሊቱን መመሪያ ሳነብ አደርሁ። ነገሩ ሲጠቀለል፣
በሩን የሚከፍተው መፈለጊያው ራሱ ነው፤ ደጅ ጥናት አያውቅም፤
ማመልከቻ የለም፣ እጅ መንሻ የለም፣ አማላጅ አይሰማም።
ቤትህን አጽዳ። ለየክፍሉ የሚገባውን ስም ስጥ።
አንድ ስም ለሁለት ክፍል አትስጥ።
ከጓዳ ሳሎን የሚያደርሰውን መንገድ ግልጥ አድርገህ ቁረጥ።
ከዚያ ተቀመጥ።

ተቀመጥሁ። ጥር በዝናብ፣ የካቲት በነፋስ ሄደ።
በየማለዳው ስሟን እጽፋለሁ፤ ያው መስመር፣ ያው ባዶ።
አክስቴ መርፌ ጨብጣ ትስቃለች፤
«ስሜን እንዲህ ደጋግሞ የጠራ ባሌ እንኳ አልነበረም» ትላለች።

መጋቢት ሲገባ፣ በአንድ ሰኞ፣ አራት በር ተከፈተ።
«ጥገና»፤ እሰየው። «ዋጋ»፤ እሰየው። «የት ነን?»፤ እሰየው።
አራተኛው ግን ከእኔ አሳብ ውጭ የተከፈተ ነው፦
«ተጥለው የቀሩ»።

ሟቹ ባሏ ሊቪዮ በእርሳስ የጻፈው፣ የተረሱ ጃንጥላዎች መዝገብ፤
ደብተሩን አይጥ እንዳይበላው ብዬ አንድ ምሽት ገልብጬ የጫንሁት፣
ጭኜም የረሳሁት።

ጥቁር፣ እጀታው ቀንድ፤ ዳኛ የሚመስል ሰው፤ ሲያስነጥስ ነበር።
ቀይ፣ የሕፃን፤ ጫፉን ድመት የነከሰው።
አረንጓዴ ሐር፤ ሴትየዋ «ነገ እመጣለሁ» አለች፤ ይዘንብ ነበር፤ እንዴት ሄደች?

«ይህንን ባነሳው ይሻላል» አልሁ፤ «ለንግድ ቤት ደጅ አይሆንም።»
ለካ ማንሻ የለውም፤ ወይ ገጹን ማጥፋት፣ ወይ ዝም።
«ማን ከፈተው?» አለች።
«ማሽኑ።»
«ለማሽኑስ ማን ነገረው?»
«እንጃ፤ ሰው የሚመላለስበትን ሳያይ አይቀርም።»
መርፌዋን አቆመች።
«እንግዲያ ተወው። ሊቪዮም ሳያንኳኩ የሚከፍት ነበር።»

ሐሙስ ዕለት፣ ከሙጃ በአውቶቡስ፣ አንዲት ሽበታም መጣች፤
ስልኳን እንደ መታወቂያ ወደ አክስቴ ዘረጋች።
«አረንጓዴው የእናቴ ነው። ነገ እመጣለሁ ያለችው እሷ ነች።»
ኔሪና መሰላል ወጣች፤ አወረደችው፤ አቧራውን እፍ አለች።
«ሂሳቡስ?»
«በሊራ ነው የተጻፈው። ሊራውም ሞቷል፣ ጸሐፊውም። ውሰጂው።»

ሴትየዋ ደጅ ላይ ዘረጋችው። ሐሩ ገና ያበራል።
ማዕዘኑን ሳትዞር
ቦራ መጣ፤ ገለበጠው፤ ሁለት አጥንት ሰበረ።
ተመለሰች፣ ሳቅና እንባ እየተናነቃት።

አክስቴ ደብተሩን ገለጠች፣ እርሳሱን ላሰች፤
«ስም?»
«ኦንዲና» አለች፤ «ነገ እመጣለሁ።»
እኔም በመስኮት አየኋት፤ ዝናቡ እየጣለ፣
ጥላዋን ጥላ ሄደች።